የአያት ትርፍ ጣት

ጥር 6

ለዘመድ አዝማድ፣ ለወዳጅ፣ ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረቦች በሙሉ። የፈረስ ጣቶች፣ ማለትም አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት፣ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሲመነምኑ ኖረው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የምንገልጸው በከባድ ሐዘን ነው። ከወንድሞቹ መካከል በሕይወት የተረፈው የመሐል ጣት ብቻ ሲሆን፣ እሱም መርዶውን በጥፍሩ ቆሞ ሰምቷል። አስከሬናቸው በእኛ አጥንት ቤት መስታወት ውስጥ ይገኛል። ማልቀስ የሚፈልግ መግቢያው ላይ ቲኬት ይቁረጥ።

ይሄን ጽፌ አዲሱ አዳራሽ በር ላይ ለጠፍኩት። የጥበቃው ሰውዬ ቆቡን አውልቆ አነበበው፤ እስከ መጨረሻው ሳይነቃ! ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ... ጋሽ ኮቴ መጣና ቀደደው።

ጋሽ ኮቴ አለቃዬ ነው፣ የሙዚየሙ የአጥንት ክፍል ኃላፊ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ጫማው ተረከዝ ላይ ብረት አስመትቷል፤ በኮሪደሩ ሲመጣ ፈረስ የገባ ነው የሚመስለው። ስሙን ያውቀው ይሆን? ባያውቅ እንዲህ አይጠላኝም ነበር።

እኔ ደግሞ ቀቃይ ነኝ። የሞተ እንስሳ ይመጣልኛል፣ እገፈዋለሁ፣ እቀቅለዋለሁ፣ አጥንቱን በቡርሽ ፈትጌ፣ ሰርስሬ፣ በሽቦ አቆመዋለሁ። ድንጋይ የሆኑትን የጥንቶቹን ደግሞ በጄሶ አባዛለሁ። አሁን የያዝነው የሰኮና እንስሳት አዳራሽ ነው። ጋሽ ኮቴ የፈረስ እግሮችን በእርከን አስደርድሮኛል። ከታች ቀበሮ የምታክለው የጥንቷ ፈረስ፣ የፊት እግሯ ባለ አራት ጣት። ከፍ ሲል ባለ ሦስት። ከላይ የዛሬው ፈረስ፣ ባለ አንድ።

"ይሄ መሰላል ነው። ከታች ኋላ ቀሩ፣ ከላይ የሠለጠነው" አለኝ።

"ጋሼ፣ ጣት ማጣት ሹመት ነው እንዴ? እንደሱ ከሆነማ እኔና እርስዎ ገና መሬት ላይ ነን። አምስት አምስት አለን።"

"ዝም በል! ስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ያስተምረኝ?"

"አላለፍኩም፤ እሷ ናት ያለፈችኝ።"

አልሳቀም። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ስቆም አያውቅ። "አንዲት ቀልድ ጨምረህ ባይህ፣ በዚህ በር ትወጣለህ" አለና ቀጭ ቀጭ ብሎ ሄደ።

ጥር 7

ከመሰላሉ አናት ላይ፣ ከፈረሱም በላይ፣ የጋሽ ኮቴን አሮጌ ጫማ አስቀመጥኩ። ስድብ ጠገብኩ። ግን አላባረረኝም። አጥንት የሚቀቅልለት ከየት ያመጣል?

ጥር 11

ከአክስቴ ጋር ተጣላን። በምን? እንጃ፣ ረሳሁት። በሷ ቤት ለመጣላት ምክንያት አይፈለግም፤ መገናኘት ይበቃል።

አክስቴ ባለጋሪ ናት። ከገበያው እስከ ባቡር ጣቢያው ዕቃ ትጭናለች። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ያሳደገችኝም ወንድሟ ጥሎኝ ስለሄደ እንጂ ፈልጋ አይደለም። ይሄን በየቀኑ ታስታውሰኛለች፣ እንዳልረሳ። የምተኛው ከጋጣው ጋር በአንድ ግድግዳ ነው።

"ራቅ በል ከዚህ! አጥንት አጥንት እየሸተትክ ባዝራዬን ታስወርድብኛለህ።"

ባዝራዋ እሜቴ ትባላለች። አሮጊት ናት፣ የፊት እግሯ አብጧል፣ አሁን ደግሞ ለመውለድ ደርሳለች። የአክስቴ ተስፋ እሜቴ ሆድ ውስጥ ያለው ነው። ሴት ይሁን ወንድ ግድ የላትም፤ ጋሪ ይጎትት ብቻ። እሜቴ ከወደቀች ጋሪው ግቢ ውስጥ የቆመ እንጨት ነው። አክስቴም አብራ... ተወው።

እሜቴ ዛሬ ረገጠችኝ። በአንድ ጣት። በአምስት ቢሆን ኖሮ የት እገባ ነበር?

ጥር 19

ወለደች! ጠዋት ላይ። ወንድ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። አክስቴ በድርቆሽ እያሸችው ስታሞካሸው ነበር፤ እኔን እንደዚያ ጠርታኝ አታውቅም። ከዚያ ድንገት ማሸቷን አቆመች።

"ና እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?"

የግራ የፊት እግሩ፣ በውስጥ በኩል። ከሰኮናው ከፍ ብላ ትንሽ ጣት ተንጠልጥላለች። ጫፏ ላይ የራሷ ሰኮና አላት፣ ጥቁር፣ እንደ ቁልፍ የምታብረቀርቅ።

ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ? ሳቅኩ።

"ትስቃለህ? ሰው ሲያለቅስ ትስቃለህ? የናትህን ሆድ..." ብላ ባልዲውን ወረወረችብኝ። ሳተችኝ። ስታ አታውቅም ነበር።

ጥር 20

አክስቴ ገበያ ስትሄድ ቀስ ብዬ እግሩን ዳበስኩት። ጣቷ የምትወጣው ከቀጭን አጥንት ላይ ነው። ከትልቁ አጥንት ጎን ተለጥፎ፣ ወደ ታች እየሾለ የሚወርድ አጥንት። ይሄን የት ነው የማውቀው?

ጄሶ ማማሰያዬ!

ለአዳራሹ የዛሬውን ፈረስ እግር ስቀቅል ተላቀው የቀሩት ሁለት አጥንቶች ስባሪ መስለውኝ፣ በአንዱ ጄሶ ሳማስል ከርሜያለሁ። ስባሪ አይደሉም ለካ። የሞቱት ጣቶች ሥር ናቸው። ጣቶቹ ሄደው አጥንታቸው እዚያው ተለጥፎ ቀርቷል፤ እያንዳንዱ ፈረስ ከቆዳው ሥር ይዞት ይሮጣል። የሐዘን መግለጫ የጻፍኩላቸው ሟቾች... በእነሱ ነው ያማሰልኩት!

ውርንጭላው ደግሞ ያን ጣት ከነጥፍሩ ይዞት መጣ። ከስንት ሚሊዮን ዓመት በኋላ! ስም አወጣሁለት፤ አያት። አመስጋኙ አያት ክንዴን ነከሰኝ። እጠላዋለሁ።

አክስቴ ስትመለስ በጣቷ እያስፈራራች፦ "ለሰው ትናገርና! ጉድ የወለደች ባዝራ ጋሪ ላይ ማን ዕቃ ይጭናል? ቃል ግባልኝ።"

ገባሁ።

ጥር 24

አፌን ምን ልበለው? በሽቦ ልስፋው?

ጋሽ ኮቴ ጎብኚ ሰብስቦ፣ መሰላሉ አጠገብ ቆሞ፣ ዱላውን እየቀሰረ ያብራራል። ጫካው ሳር ሜዳ ሆነ፤ መሬቱ ደረቀ፤ ለመሮጥ እግር ረዘመ፣ የጎን ጣቶች ከመሬት ተነሱ፣ ከዚያ ጠፉ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ "የሠለጠነ ወደ ኋላ አይመለስም! የጠፋ ጣት ጠፋ!" ብሎ እኔን አየ። እኔን ለምን ያያል?

"እኛ ቤት ግን ተመልሷል" አልኩ።

ጎብኚዎቹ ሳቁ። በኔ ሳይሆን በሱ። እንዴት ጣፈጠኝ! ጣፍጦኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ውርንጭላው፣ ጣቷ፣ ጥፍሯ፣ የአክስቴ ግቢ የት እንደሆነ...

ጋሽ ኮቴ አልተቆጣም። ያ ነው ያስደነገጠኝ።

ጥር 25

መጣ። ቀጭ ቀጭ ብሎ ግቢያችን ገባ። አክስቴ አየችኝ። ብትመታኝ ይሻል ነበር።

ጋሽ ኮቴ ጋጣው ውስጥ ፋንድያው ላይ ተንበረከከ፣ በዚያ በተተኮሰ ሱሪ። ጣቷን በሁለት ጣቱ ያዛት። "ስንት ዘመን..." አለ ለራሱ። ለአንድ አፍታ ልወደው ምንም አልቀረኝም ነበር። ደግነቱ ወዲያው ተናገረ።

"እመቤት፣ ይሄን ለአዳራሹ እንፈልገዋለን። በለውጡ ሙዚየሙ ዕቃ የሚያመላልስበትን ሰንጋ ፈረስ እንሰጥዎታለን። ጤነኛ ነው፣ ጉልበታም ነው፣ ነገውኑ ይጎትታል።"

አክስቴ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "አዳራሽ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ይቆማል። ሰው ያየዋል።"

"ማን ያበላዋል?"

ጋሽ ኮቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ቀደምኩት፤ ለቀልድ ብዬ፦ "አክስቴ፣ እዚያ ያሉት አይበሉም። እኔ ቀቅያቸዋለሁ።"

ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። ለካ እውነት ነው። እኔ ነኝ የምቀቅለው።

አክስቴ "ላስብበት" አለች። እኔ ግን እሜቴን ስታይ አየኋት። ያበጠውን እግሯን።

ጥር 28

አክስቴ አታናግረኝም። የምትለውን ለባዝራዋ ነው የምትናገረው።

"እሜቴ፣ በይ ንገሪው እስቲ ውሃ ይቅዳ። ምላሱ እንደሆነ አላረፈም፣ እጁ አይረፍ።"

እኔም ላለመሸነፍ በውርንጭላው በኩል እመልሳለሁ። "አያት፣ ውሃው ተቀድቷል በላት።"

"እሜቴ፣ ቃል ገብቶ ቃሉን የበላ ሰው እራት ምን ያደርግለታል በይው።"

"አያት፣ ስለራበው ነው ቃሉን የበላው በላት።"

እሜቴ ጆሮዋን ወደሷ ታዞራለች፣ ወደኔ ታዞራለች። ጎረቤት ሰምቶ ሲስቅ ዋለ። እኛ አልሳቅንም። በእውነት ተጣልተናል።

የካቲት 2

አያት ማነከስ ጀመረ። ጣቷ ሲራመድ ሌላውን እግሩን ትመታዋለች፤ ቆስሏል። አክስቴ ቁስሉን እያጠበች፦ "እሜቴ፣ የሚያነክስ ፈረስ ምን ይጎትታል? ያ ሰውዬ ሰንጋውን ያምጣ ልለው ነው። አትቀየሚኝ።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጋሽ ኮቴ ቢሮ ሄድኩ። ያለ ቀልድ። በሩን እንኳ አንኳኳሁ።

"ጋሼ፣ እግሩን በጄሶ ላንሳው። ከነጥፍሩ፣ ከነፀጉሩ። ሰው አይለየውም። ውርንጭላው ይኑር።"

"ጄሶ ቅጂ ነው። እኔ የምፈልገው አጥንቱን ነው።"

"የታችኞቹ እርከኖች ሁሉ ጄሶ አይደሉም እንዴ? እኔ አይደለሁ የሠራኋቸው?"

"የነሱ ባለቤቶች ድንጋይ ሆነዋል። ይሄኛው ትኩስ ነው።"

ትኩስ አለ! እንደ ዳቦ።

"አንተ ግን" አለኝ ከመነጽሩ በላይ እያየኝ፣ "ምን አገባህ? ይነክሰኛል ስትል አልነበር?"

የክንዴን ንክሻ በእጅጌዬ ሸፈንኩ።

"ለማንኛውም የካቲት ስድስት መኪና ይዤ እመጣለሁ። አክስትህ ሰው ልካ እሺ ብላለች።"

የካቲት 4

ነከሰኝ። ትከሻዬን። አይ አያት... አንተስ ምን ታውቃለህ።

የካቲት 5

ሐኪም ያስፈልጋል። የጋሪ ፈረሶችን የምታክም አንዲት የእንስሳት ሐኪም አለች። ችግሩ አምና ቦርሳዋ ውስጥ የበሬ መንጋጋ ከትቼባት ነበር፤ ከነጥርሱ። ግጥም ብሎ ነው የገባው።

ክሊኒኳ በር ላይ አየችኝና ቆመች። "አንተ ቀልማዳ! ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?"

"ዶክተር፣ የአክስቴ ውርንጭላ ጣት አለው።"

"ክንፍስ የለውም?"

"እውነቴን ነው። ነገ ሊወስዱት ነው። ሊያርዱት።"

"ዞር በል ከፊቴ።"

ጠርጥሬ ስለነበር የእግሩን ጄሶ ይዣለሁ፤ ትናንት እየነከሰኝ ያነሳሁት። አገላብጣ አየችው። "ጎበዝ ሠራተኛ ነህ። እኔን ለማታለል ይሄን ሁሉ ለፋህ?" ብላ መለሰችልኝና ገባች።

ምን ይባላል? ጄሶ የሚሠራ ሰው ጄሶ ይዞ ሲመጣ ማን ያምነዋል? በሕይወቴ አንዴ እውነት ተናገርኩ፣ የሚቀበለኝ አጣሁ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ላም ይዘው ገቡ፣ ወጡ። ፍየል ይዘው ገቡ፣ ወጡ። አንዱ ሰውዬ በግ ተሸክሞ በጉ ጀርባው ላይ ሸንቶበት አለፈ። አምላኬ! ስንት ቀልድ ምላሴ ላይ መጣ! ዋጥኩት። ሁሉንም ዋጥኩ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በር ልትቆልፍ ወጣች። አየችኝ።

"እስካሁን እዚህ ነህ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ሰውዬው ተሸንቶበት ሲያልፍ ምንም አላልክም?"

ጄሶውን ዘረጋሁላት።

እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች፤ ሙቀት ልትለካ። "ታመሃል ወይስ እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"ጠዋት እመጣለሁ። ቀልድ ከሆነ ግን የምቆርጠው ያንተን ጣት ነው።"

የካቲት 6

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ሁሉም አንድ ላይ ደረሱ። ጋሽ ኮቴ በመኪና፣ ሰንጋውን አስጭኖ። ሐኪሟ በብስክሌት። ሰንጋው ሲወርድ አፌ ተከፈተ። ደረት፣ አንገት፣ እግር! አክስቴ ጥርሱን አየች፣ ሰኮናውን አንስታ አየች። ምንም አይወጣለትም። ዓይኗ እንዴት እንደቀረበት... ደግሞ እውነቷን ነው። እሜቴ ያን ያህል አታቆይም።

ሐኪሟ ጋጣው ውስጥ ነበረች። እየሳቀች ወጣች። "ለዚህች ነው? ይቺ ከላይ ከቀጭኑ አጥንት ጋር የምትገናኝበት ቦታ ላይ ተቆርጣ ትወጣለች። ማደንዘዣ፣ ስፌት፣ አለቀ። ጋሪ ይጎትታል።"

የጋሽ ኮቴ ፊት በንዴት ቀላ። "አንቺ የምትቆርጪው ማስረጃ ነው! የምፈልገው ሙሉ እግሩን ነው፣ መገጣጠሚያው፣ አጥንቱ፣ ሁሉም እንዳለ!"

"ውርንጭላውም የሚፈልገው ሙሉ እግሩን ነው" አለች ሐኪሟ።

"እሺ ተብያለሁ! ቃል ተገብቶልኛል!"

"በዚህ ቤት ቃል እንደሚበላ ይሄ ልጅ አልነገረዎትም?" አለች አክስቴ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ወደ እሜቴ ሳይሆን፣ ወደኔ። "አንተ መዓት። ሰንጋው ነገውኑ ይሠራል። ውርንጭላው ጋሪ እስኪስብ ስንት ዓመት አለ፤ ደግሞ ቢላው እግሩን ቢጎዳው፣ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ባዶ እጄን ነኝ። እስከዚያ እሜቴን ማን ያግዛታል? ምን ትላለህ?"

ሁሉም አዩኝ። ቀልድ ነበረኝ። ሦስት ነበሩኝ።

"እኔ" አልኩ።

"አንተ ምን?"

"አቀበቱ ላይ ከኋላ እገፋለሁ። እሜቴ እንዳይከብዳት። አያት እስኪደርስ።"

አክስቴ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጋ ለካችው። "ባትገፋ በጅራፍ ነው የማስገፋህ።"

"አውቃለሁ።"

የሰንጋውን ገመድ ለጋሽ ኮቴ መልሳ ሰጠችው። አንዴ አንገቱን መታ መታ አደረገችውና ፊቷን አዞረች።

ጋሽ ኮቴ መኪናው በር ላይ ቆሞ ጮኸብኝ። "ነገ እንዳትመጣ! ከነገ ወዲያም! መሰላሉ ሥር አንተን ነበር መስታወት ውስጥ ማስገባት!"

"ስንተኛው እርከን ላይ ጋሼ?" ... ይቺ አመለጠችኝ። ሰው ነኛ።

ሐኪሟ ከሰዓት የአያትን ጣት ቆረጠች። አንገቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደንዝዞ እንኳ ሊነክሰኝ ሞከረ።

የካቲት 13

ትከሻዬ ተላጠ። ጋሪ መግፋት አጥንት ከመቀቀል ይከፋል። አክስቴ ከፊት ተቀምጣ፦ "ግፋ! እንደ ምላስህ ግፋ!" መንገደኛ ይስቃል። አይ ጊዜ።

የካቲት 21

ስፌቱ ወጣ። አያት ዛሬ ግቢውን ሦስቴ ዞሮ ሮጠ። አያነክስም። ሲጨርስ መጥቶ ነከሰኝ። አክስቴ "እሰይ፣ ጨምርለት!" አለችው። ለኔ ደግሞ እራት ላይ ጨመረችልኝ፤ በቀጥታ፣ እሜቴን ሳታስልክ።

ከሰዓት ቀጭ ቀጭ ሰማሁ። ጋሽ ኮቴ በሩ ላይ። አልገባም። ሐኪሟ የተቆረጠችውን ጣት በብልቃጥ ልካለት ነበር፤ በእጁ ይዞታል።

"ይቺ..." አለ፣ ወደ ጎን እያየ። "ይቺን ያህል ትንሽ አጥንት ቀቅዬ አላውቅም። እንዴት ነው የምታደርጋት?"

አምላኬ እጄ ላይ ጣለልኝ! ቀኑን ሙሉ ያፍሏት ብዬ ብነግረው ሟሙታ ሾርባ ትሆናለች። አፌን ከፈትኩ።

"አያፍሏት" አልኩት። "ለብ ባለ ውሃ ብቻ፤ ውሃውን እየቀያየሩ። ስጋዋ ራሱ ይለቃል። ሰኮናዋን ለብቻ ያድርቋት።"

ምን ነካኝ?

ራሱን ነቀነቀ። አላመሰገነኝም። ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ ሳይዞር፦ "ከላይኛው እርከን ፈረስ እግር ጎን የነበሩት ቀጫጭኖቹ አጥንቶች የት ገቡ?"

"ጄሶ ባልዲው ውስጥ ይፈልጉ።"

የሰማሁት ሳቅ ነው ሳል? ኮቴው አሳሳተኝ። ከነገ ወዲያ ና አላለኝም። አትምጣም አላለኝም።

ብልቃጧን ግን ቀረብ ብዬ አይቻታለሁ። ለዚህ መዝገብ ስል እውነቱን ልጻፍ። የጥር ስድስቱ የሐዘን መግለጫ ይታረም፤ ከሟቾቹ አንዷ ለጥቂት ሳምንታት ተመልሳ፣ ሁላችንንም አባልታ፣ እንደገና ሄዳለች። የትንሿ ጣቴን ግማሽ አታክልም። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ሁሉ ኩርፊያ ለዚህች ነበር። ነገሩ ይሄው ነው፤ ምንም አልነበረም።